የቅሬው መዝገብና ቪዩ

ደሴ ላይ ለኮምፒውተር ተማሪዎችና ኮድ መጻፍ ለጀመሩ ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አቃንቼዋለሁ እንጂ ወሬውን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። ከኮምቦልቻ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወጥታችሁ የመጣችሁ፣ እናመሰግናለን። ከሐይቅ የመጡም አሉ አሉኝ። ብርዱን አብሽሩ። ከኋላ ቡና እየተቆላ ነው፤ ሽታው ከኔ ቀድሞ ደርሷችኋል።

የመጣሁት ስለ ቪዩ ላወራ ነው። ባለ አንድ ገጽ የዌብ አፕ የሚሠራበት ኦፕን ሶርስ ፍሬምወርክ ነው፤ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ አፕ የሚገነባበት ዝግጁ መዋቅር። ግን በቪዩ አልጀምርም፤ በቅሬ ነው የምጀምረው። ከሌላ አገር የመጣ ካለ፣ ቅሬ ማለት እናንተ እድር የምትሉት ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ አስጠሩኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አባባ ነው የሚላቸው። "ልጄ፣ ኮምፒውተር ተምረሃል አሉ። እስቲ ከዚች መዝገብ ገላግለኝ፤ ዓይኔ ደከመ" አሉኝ። መዝገቡ ጠርዙ የተበላ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመረ ትልቅ ደብተር ነው። "ሁለት ሳምንት ይስጡኝ" አልኳቸው። ልጅነት ነው።

ሥራው ቀላል ይመስላል። አባል ይከፍላል፣ ጸሐፊው "ከፍሏል" የሚለውን ይጫናሉ። ግን ያ አንድ መጫን አራት ቦታ ይነካል። ከስሙ ጎን ያለው ምልክት አረንጓዴ መሆን አለበት። የተሰበሰበው ብር መጨመር አለበት። ስሙ ከባለዕዳዎች ዝርዝር መውጣት አለበት። ከላይ ያለው "ያልከፈሉ" የሚል ቁጥር በአንድ መቀነስ አለበት። ጄኩዌሪ በሚባለው የጃቫስክሪፕት፣ ማለትም የብራውዘር የኮድ ቋንቋ፣ መሣሪያ አራቱንም አንድ በአንድ በእጄ ጻፍኳቸው። ሠራ። አባባም መረቁኝ።

ቆይቶ ቅጣት ተጨመረ። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱ ሲከፈል ጠቅላላው ብር እንዲጨምር አደረግሁ። ስሙን ከባለዕዳዎቹ ዝርዝር ማንሳት ግን ረሳሁ።

የስብሰባው ቀን ላፕቶፔን ከፍቼ ባለዕዳዎችን ማንበብ ጀመርኩ። አንድ አዛውንት ተነሱ። "ባለፈው ጁምዓ ነው የከፈልኩት። ስሜ እዚያ ምን ይሠራል?" ጉባኤው አጉረመረመ። አባባ ምንም አላሉም። ከጋቢያቸው ሥር አሮጌውን መዝገብ አወጡ፣ ገለጡ፣ በጣታቸው አሳዩ። ለካ እሳቸው መዝገቡን አልተዉትም ነበር! ሰውየው ከፍለዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ዳታቤዙን አየሁት። እዚያም ከፍለዋል ይላል። ዳታው ልክ ነበር። የዋሸው ስክሪኑ ነው። እንግዲህ የዛሬው ወሬዬ በሙሉ እዚህች ላይ ነው የሚዞረው፤ ስክሪኑ ዳታውን እንዲከተል የሚያደርገው ማነው?

ድሮ ይህ ጣጣ አልነበረም። በድሮው ዌብ አንድ ነገር በተጫነ ቁጥር ብራውዘሩ ሰርቨሩን ሙሉ ገጽ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ከዳታቤዝ አንብቦ ገጹን ከራስጌ እስከ ግርጌ አዲስ አድርጎ ይልካል። ሁሉም እንደ አዲስ ስለሚጻፍ ስክሪኑ የመዋሸት ዕድሉ ጠባብ ነው። ዋጋው መጠበቅ ነው። በተጫነ ቁጥር ነጭ ገጽ፣ የሚሽከረከር ክብ። ኔትወርክ በሚንጠባጠብበት ሰፈር ያደገ ያውቀዋል።

በ1999 ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ላይ ገጹ ሳይታደስ ከሰርቨር ዳታ ማምጫ መንገድ አስገባ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ በኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ። የፈለጉት አውትሉክን በዌብ ለማሠራት ነበር። ከዚያ በ2004 ጂሜይል መጣ፣ በ2005 ጉግል ማፕስ። ካርታውን በማውስ ይዘው ሲጎትቱት ገጹ ሳይጠፋ ይንሸራተታል። ሰው ተደነቀ። በዚያው ዓመት ጄሲ ጄምስ ጋሬት ዘዴውን "አጃክስ" ብሎ ስም አወጣለት።

ባለ አንድ ገጽ አፕ የዚህ ልጅ ነው። ገጹ አንድ ጊዜ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚመላለሰው ዳታው ብቻ ነው። ሰርቨሩ የበሰለውን ሳይሆን ጥሬውን ይልካል፤ ማብሰሉ ስልካችሁ ላይ ነው። ማብሰሉ ወደ ብራውዘር ሲመጣ ታዲያ የኔ ዓይነት ስህተትም አብሮ መጣ። ፍሬምወርኮቹ የበዙትም ለዚህ ነው። በ2010 ባክቦንና የጉግሉ አንጉላርጄኤስ፣ በ2011 ኢምበር፣ በ2013 የፌስቡኩ ሪአክት። ቪዩ የወጣው በ2014 ነው።

ቪዩን የጀመረው ኢቫን ዩ ይባላል። የተማረው ሥነ ጥበብና ዲዛይን ነው እንጂ ኮምፒውተር ሳይንስ አይደለም። ይህን የምላችሁ እዚህ ከሌላ ዲፓርትመንት መጥታችሁ ጥግ ላይ የተቀመጣችሁ ስላላችሁ ነው። ጉግል ውስጥ ሲሠራ አንጉላርን ይጠቀም ነበር። ከውስጡ የሚወደውን ብቻ ነጥሎ ቀለል ያለ ነገር ልሥራ አለ። ቪዩ የሚለው ስም በፈረንሳይኛ "እይታ" ማለት ነው።

ፍሬምወርክን በአማርኛ ማዕቀፍ ይሉታል። እኔን የሚቀርበኝ ግን ቅኝት ነው። አምባሰልን ወይም ባቲን አስቡ፤ ሁለቱም የዚሁ የወሎ የቦታ ስሞች ናቸው። ቅኝቱ ድምፆቹን ይወስንላችኋል፤ ዜማውና ግጥሙ የናንተ ነው። "አምባሰል የኔ ነው፣ ክፈሉኝ" የሚልም የለም። ምሳሌዬ ግን እዚህ ጋ ያልቃል። ለአምባሰል ቨርዥን 3 አይወጣለትም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቅሬ ውስጥ ሰው ሲሞት ምን ይሆናል? የሟች ቤተሰብ ቤት ለቤት እየዞረ አያንኳኳም። አባሉ አስቀድሞ ተመዝግቧል። ጡሩንባ ይነፋል፣ የሰማ ይመጣል። የኔ የጄኩዌሪ ኮድ እንደ ሟች ቤተሰብ እየዞረ የሚያንኳኳ ነበር። አንድ ቤት ዘለለ። በቃ።

ቪዩ ውስጥ ገጹን ስትጽፉ "ጠቅላላውን እዚህ አሳይ፣ ባለዕዳዎቹን እዚያ ዘርዝር" ብቻ ነው የምትሉት። ቪዩ ገጹን ሲስል እያንዳንዱ ክፍል የትኛውን ዳታ እንዳነበበ ይመዘግባል። ማንበብ በራሱ መመዝገብ ነው። ይችን ልብ በሉልኝ። "እኔንም መዝግቡኝ" ብሎ የሚያመለክት የለም። ዳታው ሲለወጥ ለተመዘገቡት ብቻ ጡሩንባ ይነፋል፤ እነሱ ብቻ እንደገና ይሰላሉ።

የቅሬውን አፕ በዚህ መንገድ እንደገና ስጽፈው "ባለዕዳ ማለት መዋጮ ወይም ቅጣት የቀረበት ሰው ነው" የሚለውን አንድ ቦታ ጻፍኩ። አንድ ቦታ ብቻ! ዝርዝሩም፣ ከላይ ያለው ቁጥርም ከዚያው ነው የሚቀዱት። አሁን ብሳሳት እንኳ ሁሉም ቦታ እኩል ነው የምሳሳተው። እሱን ማግኘት ቀላል ነው።

መዝጋቢው ማነው ለሚል፣ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ቪዩ 2 በያንዳንዱ ክፍል በር ላይ ዘበኛ ያቆማል። ችግሩ፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ አዲስ ክፍል ብትቀጥሉ በዚያ በር ላይ ማንም የለም። አባሉ ሲመዘገብ ያልነበረ "ቅጣት" የሚል መስክ በኋላ ብትጨምሩ ቪዩ 2 አያየውም። ዳታው ይለወጣል፣ ስክሪኑ ዝም። ለዚህ ለብቻው የተሠራ ትእዛዝ ነበር፤ እሱን እስካውቅ ስንት ሌሊት እንዳደርኩ አትጠይቁኝ።

በ2020 የወጣው ቪዩ 3 ዘበኛውን ከክፍሎቹ አንስቶ የግቢው በር ላይ አስቀመጠው። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ፕሮክሲ የሚባለው ነው። የሚገባም የሚወጣም በሱ በኩል ነው፤ ግቢ ውስጥ አዲስ ክፍል ቢሠራም ያው ነው። ዋጋ ግን ተከፍሎበታል። ፕሮክሲ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 ላይ ስለማይሠራ ቪዩ 3 ያን ብራውዘር ተሰናበተው። ደግሞ ጀማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ቁጥሩን ከግቢው አውጥታችሁ በሌላ ተለዋዋጭ ብትይዙት፣ ዘበኛው ከዚያ ወዲያ አያውቀውም። ውጭ የወጣ ዕቃ ነው። "ቪዩ አልሠራልኝም" ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ሌላም አለ። ጡሩንባ በተነፋ ቁጥር ስክሪኑ ወዲያው አይሳልም። ባቲ ገበያው ሰኞ ነው። ለጨው አንድ ጊዜ፣ ለበርበሬ አንድ ጊዜ እያለ የሚመላለስ የለም፤ የሚፈልገውን ቆጥሮ በአንድ ጉዞ ይጨርሳል። ቪዩም በተከታታይ የመጡትን ለውጦች ያጠራቅምና አንድ ጊዜ ይስላል። ለዚህ ነው ዳታውን ቀይራችሁ በሚቀጥለው መስመር ስክሪኑን ብትጠይቁት የድሮውን የሚነግራችሁ። ገና ገበያ አልሄደም።

አሁን ደግሞ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚገጥመውን ልንገራችሁ። የአባል መፈለጊያ ሳጥን ሠራሁ። ስም ሲጻፍ ዝርዝሩ እየጠበበ መሄድ አለበት። ላፕቶፕ ላይ ያምራል። ስልክ ላይ በአማርኛ ሲጻፍ ግን ቃሉ እስኪያልቅ ዝርዝሩ ንቅንቅ አይልም። ፊደሉ ገና እየተገነባ ነው ብሎ ቪዩ ይጠብቃል። ዶክመንቴሽኑ ይህን ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ ብሎ ጽፎታል፤ እኛን አላነሳንም። መፍትሔው ቀላል ነው። ሳጥኑንና ዳታውን የሚያገናኘውን፣ ቪ-ሞዴል የሚባለውን አቋራጭ ትታችሁ የሳጥኑን የግቤት ክስተት ራሳችሁ አዳምጡ።

ፍለጋ ካነሳን ሐሰንን አንርሳ። አባባ ሰኞ ዕለት በሐመሩ ሐ ይጽፉታል፣ ማክሰኞ በሀሌታው ሀ። ሰይድም እንደዚያው፣ አንዴ በእሳቱ አንዴ በንጉሡ። ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከማነጻጸራችሁ በፊት የሚፈለገውንም የተመዘገበውንም ወደ አንድ ፊደል አምጡ። የትኛውም ፍሬምወርክ ይህን አይሠራላችሁም። ይህ የኛ ሥራ ነው።

ቀን ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው ቀላል ነው። ለኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ፓኬጅ፣ ማለትም ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ፣ ፍለጋ ስትንከራተቱ አያለሁ። ብራውዘሩ ራሱ ያውቀዋል። ኢንትል የሚባለው የጃቫስክሪፕት ክፍል ቀኑን በኢትዮጵያ ካላንደር፣ በአማርኛ የወር ስም ይጽፍላችኋል። የሚያውቀው ማሳየት ብቻ ነው። "ጳጉሜ 3" ብላችሁ ብትሰጡት ወደ ፈረንጅ አይመልስላችሁም።

ስለ ራውተር አንድ ነገር። የዋይፋዩን አይደለም፤ አፑ ውስጥ ገጾችን የሚያቀያይረውን የቪዩ ክፍል ነው። ባለ አንድ ገጽ አፕ ውስጥ ከገጽ ወደ ገጽ የሄዳችሁ ይመስላችኋል እንጂ አልሄዳችሁም። አድራሻውን ብቻ ነው የሚቀይርላችሁ። ይህን ሳይገባኝ አፑን ለቅሬው ኮሚቴ ላሳይ ሄድኩ። ሁሉ አማረ። አንዱ ስልኩ ላይ ሪፍሬሽ አደረገ። "ገጹ አልተገኘም።" ሰርቨሩ "ባለዕዳዎች" የሚል ገጽ ኖሮት አያውቅማ! ማንኛውም አድራሻ ሲጠየቅ ያችኑ አንዷን ገጽ መልስ ተብሎ ሊነገረው ይገባል። አንድ የሰርቨር ማስተካከያ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን በዚህ ቅሬ ፊት ሁለተኛ ጊዜ አፈርኩ።

እና ሁሉም ነገር ባለ አንድ ገጽ አፕ ይሁን እንዳትሉኝ። ላሊበላ ላይ አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ወዳጄ ድረ ገጽ ሥራልኝ አለኝ። ፎቶ፣ ዋጋ፣ ስልክ ቁጥር። በቪዩ ልሥራው ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ባለ አንድ ገጽ አፕ መጀመሪያ ሲደርስ ባዶ ገጽ ነው፤ ጃቫስክሪፕቱ ወርዶ እስኪነሳ ውስጡ ምንም የለም። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ሲልኩት ሥዕልና ጽሑፍ ይዞ አይወጣም፤ ቴሌግራም ያየው ባዶውን ገጽ ነዋ። ገጹን ሰርቨር ላይ አስቀድሞ የሚያበስል ኑክስት የሚባል በቪዩ ላይ የተሠራ ነገር አለ። ግን ለሦስት ፎቶና ለአንድ ስልክ ቁጥር ተራ ኤችቲኤምኤል ይበቃል። ጎረቤት ለመጠየቅ መኪና አይከራዩም። ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውል፣ ብዙ ቁጥር የሚነካካበት ሥራ ሲሆን ነው ባለ አንድ ገጽ አፕ ዋጋውን የሚመልሰው። የቅሬ መዝገብ፣ የመጋዘን ቆጠራ፣ የክሊኒክ ተራ።

ክብደትን በተመለከተ ፍሬምወርኩን አትውቀሱ። ቪዩ ተጨምቆ ሲወርድ ጥቂት አስር ኪሎባይት ነው። ስልካችሁ የሚያነሳው አንድ ፎቶ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። የሚከብደው እኛ ላዩ ላይ የምንጭነው ነው። አንድ ቀስት ለማሳየት ሙሉ የአይኮን ጥቅል የሚያወርድ ሰው አይቻለሁ። ያ ሰው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ገጽ ሲፈለግ ብቻ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል፤ የቪዩ ራውተር ይህን በአንድ መስመር ያደርገዋል። በካርድ ዳታ የሚጠቀም ሰው ያመሰግናችኋል።

ኦፕን ሶርስ የሚለውን "ነፃ ነው" ብላችሁ ብቻ አትለፉት። የቪዩ ፈቃድ ኤምአይቲ ይባላል። ተጠቀሙበት፣ ቀይሩት፣ ሠርታችሁ ሽጡ። የባለቤትነት ማስታወሻውን አታንሱ፣ ቢበላሽም አትክሰሱን ይላል፤ በቃ። ይህ ፈቃድ ቀልድ አይደለም። ሪአክት በአንድ ወቅት ስለ ፓተንት የሚናገር ተጨማሪ አንቀጽ ነበረው፤ ብዙ ሰው ተጨነቀ፣ ተጯጯኸ፣ በ2017 ፌስቡክ ወደዚሁ ኤምአይቲ ቀየረው።

ከቪዩ ኋላ ትልቅ ኩባንያ የለም። ኢቫን ዩ በ2016 ቅጥር ሥራውን ትቶ ተጠቃሚዎችና ድርጅቶች በሚያዋጡለት ገንዘብ ሙሉ ጊዜውን ሰጠ። ይህ ቅሬ ካልሆነ ምንድነው? ጉባኤም አለው። በ2019 ኮድ የሚጻፍበትን አዲስ ዘይቤ ሐሳብ ለሕዝብ ሲያቀርቡ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ። ሰዉ የለመድነው ሊጣል ነው ብሎ ደነገጠ። መጨረሻ ላይ አዲሱ ተጨማሪ ሆኖ ገባ፣ የድሮውም ቀረ። ዛሬ በሁለቱም መጻፍ ትችላላችሁ። እኔ ለጀማሪ የድሮውን እመክራለሁ፤ የማይስማማ ከቡናው በኋላ ይሟገተኝ።

መጥፎ ጎኑንም ላንሳ። ከቪዩ 2 ወደ 3 መሸጋገሩ ረጅምና አድካሚ ነበር። ብዙ ተጨማሪ ፓኬጆች አብረው አልተሻገሩም። የቪዩ 2 ድጋፍ በ2023 መጨረሻ ቆመ። አፑ በዚያ ቀን አይሞትም፤ ግን የሚጠግንለት የለም። እና ለሥራ ቅጥር ነው የምማረው ካላችሁ ሪአክትን የሚጠይቅ ማስታወቂያ ይበዛል። አልከራከርም። ስለ ጡሩንባው የገባው ሰው ግን ሪአክት ሲገባ እዚያ ጡሩንባው ሌላ ዓይነት መሆኑን ብቻ ነው የሚማረው።

ለኔ የኦፕን ሶርስ ጥቅም የገባኝ በነሐሴ 2015 ነው፤ ይህ በኛ አቆጣጠር ነው። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሥራ አለ፣ ኔትወርክ የለም። ላፕቶፔ ላይ የቪዩ ኮድ ነበረኝ። ዶክመንቴሽኑም ራሱ ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ከነምንጩ አውርጄው ስለነበር እዚያው ላፕቶፕ ላይ አስነስቼ አነበብኩ። ዶክመንቴሽኑ ሲያጥረኝ ኮዱን ራሱን ከፍቼ አየሁ። ዘበኛው ያለበትን ፋይል ያነበብኩት ያኔ ነው። ኢንተርኔት ቢኖር ቪዲዮ አይቼ አልፈው ነበር።

ስለዚህ ባዶ እጄን አልመጣሁም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ፍላሽ አለ። ቪዩ በአንድ የጃቫስክሪፕት ፋይል፣ ምንም ሳይጫን ከኤችቲኤምኤል ጎን ተቀምጦ የሚሠራው። ዶክመንቴሽኑ። ቪት የሚባለው መገንቢያ ከነፓኬጆቹ። ከሁሉም ሥር የቅሬው አፕ ሙሉ ኮድ አለ፣ የአባላቱን ስም አውጥቼ በልብ ወለድ ስም ተክቼዋለሁ። ኮፒ አድርጉ፣ ለጓደኛም ስጡ፤ ፈቃዱ ይፈቅዳል። የቅጣቱ ክፍል ላይ ስህተት ካገኛችሁ ለኔ ንገሩኝ። ለአባባ አትንገሩ፤ መዝገቡን አሁንም ከጋቢያቸው ሥር እንደያዙት ነው።

አቦሉ ደርሷል መሰለኝ። ጥያቄ ያለው ሲኒውን ይዞ ይምጣ።